«ለጥምቀት አልደርስም»

በግንቦት 2011 ዓ.ም. አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው ሽሮ ሜዳ ወደሚገኘው ጠባብ የአገር ልብስ ሱቄ ገቡ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀብድ ከፍለው ያዘዙትን የመልስ ቀሚስ ሊወስዱ ነው። ቀሚሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እናትየው ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ከእኔ ገጽ ላይ ያስቀሩትን ፎቶ ከፈቱና ከቀሚሱ ጎን አስቀመጡት። ስልኩን አዩ፤ ቀሚሱን አዩ፤ እንደገና ስልኩን አዩ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች።

«የኔ ልጅ፣ ልብሱ ክፉ አይደለም» አሉኝ በመጨረሻ። «ነገር ግን እኔ ያየሁት ይህን አይደለም።»

ቀሪውን ከፍለው ወሰዱ። አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ምክንያት እደረድር ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ሆኑ ዘመዶቻቸው ደጄን አልረገጡም። ያ ፎቶ የእኔ ሥራ አልነበረም። ከማላውቀው ሰው ገጽ ላይ ያነሣሁት ነው። ጥለቱን ማን እንደሠራው፣ ስንት ቀን እንደፈጀበት፣ በምን ዓይነት ክር እንደተሠራ የማውቀው ነገር አልነበረም። «እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» ሲሉኝ ግን «በሚገባ» ብዬ ቀብዱን ተቀብያለሁ።

በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ወጣቶች አልፎ አልፎ ሱቄ ድረስ እየመጡ «ስም እንዴት አወጣህ?» ይሉኛል። ጫማ የሚሠራ አለ፤ ኬክ የምትጋግር አለች፤ ባለፈው ደግሞ አንድ የሒሳብ ባለሙያ መጣ። ዛሬ ዛሬ ነገሩን «የግል ብራንድ» ይሉታል። አባቴ ስም ይሉታል፤ እኔም በዚሁ ብቀጥል ይቀለኛል። እንዴት እንዳወጣሁት ከመናገሬ በፊት እንዴት እንዳበላሸሁት ልናገር፤ እሱን የበለጠ ጠንቅቄ አውቀዋለሁና።

አባቴ ሸማኔ ናቸው። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ በልጅነታቸው ከአጎታቸው ጋር መጥተው እዚሁ ሽሮ ሜዳ የቀሩ። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሠፈራችንን ያውቀዋል፤ ግራና ቀኙ ነጭ በነጭ የተሰቀለበት ነው። መንገድ ላይ የሚታየው ግን ሱቁ ብቻ ነው። የሽመናው ጉድጓድ ከኋላ፣ በየጓሮው ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል። እኔ ያደግሁት በዚያ ድምፅ ነው።

በስድቡም አድጌአለሁ። ዕድሜአቸው ገፋ ያለ አንባቢዎች «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን ቃል ሰምተውት ይሆናል። አገሩ ሁሉ ሸማኔ የሠራውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ልጁን ይድራል፤ ሸማኔውን ግን እንዲህ ብሎ ይጠራው ነበር። ትምህርት ቤት «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ስባል «ነጋዴ ነው» እል ነበር። ልብስ ስፌት ተምሬ፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሠርቼ፣ በኋላ የራሴን ሱቅ ስከፍት ያ የልጅነት ውሸት አብሮኝ ገባ። የሱቁን ስም በባዕድ ቋንቋ አወጣሁት፤ ራሴም አስተካክዬ አልጠራውም ነበር። ገጼ ላይ «ዲዛይነር» ብዬ ጻፍኩ። ኮት ለብሼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ስቱዲዮ ገብቼ ፎቶ ተነሣሁ። ከዚያ ሱቅ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ አባቴ ጉድጓዳቸው ውስጥ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከለጠፍኳቸው ፎቶዎች በአንዱም አልታዩም።

አንድ ጎረቤቴ ተከታይ በገንዘብ እንደሚገዛ የነገረኝም ያኔ ነው። አሥር ሺህ ገዛሁ። በማግሥቱ ቁጥሩን ሳየው ደረቴ ተነፋ። የሠራሁትን አንድ ነጠላ ለጠፍኩ፤ አሥራ አንድ ሰው ወደደው፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ዘመዶቼ ናቸው። እነዚህ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች አዲስ ነገር ስንለጥፍ መጀመሪያ ለጥቂት ተከታዮች ያሳዩታል፤ ምላሽ ካገኘ ወደ ብዙ ሰው ይገፉታል፤ ካጣ እዚያው ያስቀሩታል። የእኔ ተከታዮች ሰዎች ስላልነበሩ በገንዘቤ የገዛሁት ዝምታን ነው። ደንበኛም ሞኝ አይደለም። አሥር ሺህ ተከታይና አሥራ አንድ ወዳጅ ያለውን ገጽ ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። በመጨረሻ ገጹን ዘግቼ ከባዶ ጀመርኩ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትለዋን ነገርም እንደ ሠፈሩ ሁሉ እጠቀምባት ነበር። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው ጎረቤቶቼ ዋጋዬን አይተው እንዳይሰብሩት ነው። ሁለተኛው ጮክ ብሎ መናገር ያሳፍራል፦ ጠያቂዋ ከየት እንደምትጽፍ አይቼ ዋጋ ለመቁረጥ ነው። ከቨርጂኒያ የጻፈችና ከጉለሌ የጻፈች ለአንድ ዓይነት ቀሚስ አንድ ዋጋ አይነገራቸውም ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ሁለቱ እኅትማማቾች ሆነው ተገኙ። ታናሽ ከእኔ የደረሳትን መልስ ለታላቋ ላከችላት፤ ታላቋ ሁለቱን መልሶቼን ጎን ለጎን አድርጋ ለእኔው መልሳ ላከችልኝ። ከሥሩ አንድም ቃል አልጻፈችም።

አሁን ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ዋጋው አለ። ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የሚጨመረው የመላኪያው ነው፤ እሱም ለብቻው ይጻፋል። ጎረቤት ዋጋዬን ሰብሮ የወሰደብኝ ደንበኛ የለም አልልም፤ አለ። ግን ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ መልስ ስጽፍ የማጠፋው ጊዜ ቀረልኝ። ሒሳቡን ስሠራው ያ ጊዜ ከሄዱት ደንበኞች ይበልጥብኛል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የክሩ ነገር ነው። በእኛ ሥራ ፈትል ማለት ጥጡ በእንዝርት፣ በእጅ የተፈተለ ማለት ነው። መነን የፋብሪካ ክር ነው። መነን መጥፎ ነው የሚል ካለ አልስማማም፤ ወጥና ለስላሳ ነው፤ ዋጋውም ለብዙ ሰው ይመቻል። ፈትል ግን የሴቶቻችንን ስንት ቀን የበላ በመሆኑ ዋጋው ይወጣል። እኔ በመነን የተሠራውን «ንጹሕ ፈትል» እያልኩ እለጥፍ ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት መጡና የነጠላውን ጫፍ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። የፋብሪካው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈትል የኖርኩ ነኝ» አሉና ነጠላውን አጥፈው፣ አስተካክለው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኝ ወጡ። የተቀመጠውን ነጠላ እያየሁ የቆምኩበትን ያን ሰዓት አልረሳውም። ከሦስት ቀን በኋላ ከነበሩኝ ልጥፎች ሁሉ ሥር ገብቼ የክሩን ዓይነት አስተካከልኩ። ማንም አላመሰገነኝም፤ አንድ ሰው ብቻ «ታዲያ በፊት ለምን ዋሸህ?» ብሎ ጻፈ። መልስ አልነበረኝም። እውነት መናገር ስትጀምር የመጀመሪያው ደመወዝህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፤ ተቀብለህ ዝም ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

የቀለሙንም ነገር ሳላነሣ አልለፍ። በስልክ ማሳመሪያ ቀይ ጥለትን ደም ማስመሰል፣ አረንጓዴውን ማጉላት ቀላል ነው። ደንበኛዋ ግን ልብሱን የምትለብሰው በስልክ ውስጥ አይደለም። አሁን የማነሣው ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ ከጎኑ ያልተነከረ ነጭ ጥጥ አስቀምጣለሁ። ጥጡ ፎቶው ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ መስሎ ከታየ የጥለቱም ቀለም ተዛብቷል ማለት ነው፤ እንደገና አነሣለሁ። አምፖል ሥር የተነሣ ፎቶ ለጥፌ ከመጣብኝ ጭቅጭቅ የተማርኩት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ጥምቀት የእኛ የመኸር ወቅት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእኛ የሥራ መርሐ ግብር ነው። የ2012 ጥምቀት ደግሞ የተለየ ነበር፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዩኔስኮ በዓሉን የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦት ስለነበር ሰዉ ሁሉ ሞቅ ብሎታል። እኔም ሞቅ አለኝ። የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ «ይደርሳል፣ ችግር የለም» እያልኩ ተቀበልኩ። አርባ አንድ ቀሚስ።

አብረውኝ የሚሠሩት ሸማኔዎች አባቴን ጨምሮ አራት ናቸው። ሰፊ ጥለት ያለው የአንድ ሙሉ ቀሚስ ጨርቅ አንድን ሸማኔ ሳምንት ያህል ይይዘዋል፤ ጥበቡ ከበዛ ከዚያም ያልፋል። ከመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ ጥምቀት የነበረን ጊዜ ሰባት ሳምንት ነበር። አራት ጊዜ ሰባት ሃያ ስምንት። ይህን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ትሠራዋለች። እኔ አልሠራሁትም፤ ምክንያቱም «አልችልም» ያለ ሰው ስሙ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። አባቴ በመካከል አንድ ቀን «ስንት ነው የተቀበልከው?» ሲሉኝ ቁጥሩን ቀንሼ ነገርኳቸው።

ሃያ ሰባት ደረሰ። ጥር 10፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ሲወጡ እኔ የሱቄን መዝጊያ ገርበብ አድርጌ ስልክ አነሣ ነበር። አሥራ አራት ሰው። አንዷ ታለቅሳለች፤ የአንዷ ባል ይሳደባል፤ አንዷ ደግሞ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ «ለልጄም አብሬ ነበር ያዘዝኩት» አለችኝ። ቀብዱን ለሁሉም መለስኩ። ለመመለስ ደግሞ ተበደርኩ፤ ገንዘቡ ክር ሆኖ ነበርና። ስም ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ያን ቀን የገባኝ ድካምና እፍረት ብቻ ነው።

የገባኝ በሚቀጥለው ዓመት ነው። ጥቅምት 2013 ላይ ስሌቱን ሠርቼ፣ ለሕመምና ለለቅሶ የሚሆን ቀን ቀንሼ፣ ሃያ አራት ላይ ቆምኩ። ሃያ አራቱ በሞላ ማግሥት ቴሌግራም ላይ አንድ መስመር ለጠፍኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ለምታዝዙኝ ለጥምቀት አልደርስም።» ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ደንበኛ እያባረርኩ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት ዘጠኝ ሰዎች «እንግዲያው ለፋሲካ ያዝልን» ብለው ቀብድ ላኩ። ከዘጠኙ ሁለቱ ከዓመት በፊት ካስለቀስኳቸው አሥራ አራት ሰዎች መካከል ናቸው። አንዷን ለምን እንደተመለሰች ጠየቅኋት። «የማይደርሰውን ከነገርከኝ የሚደርሰውንም ስትነግረኝ አምንሃለሁ» አለችኝ።

ስለዚህ ለሒሳብ ባለሙያው ወጣት የነገርኩት ይህንኑ ነው። እሱ ስለ አርማው ቀለምና ስለ ገጹ መጠሪያ ሊጠይቀኝ ነበር የመጣው። «መጀመሪያ የማትሠራውን ጻፍ» አልኩት። «ሐምሌ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው የመጣ የግብር ፋይል አልቀበልም ብለህ ለጥፍ። ገቢ የሚደብቅልህ ሰው ከፈለግህ እኔ ጋ አትምጣ ብለህ ለጥፍ።» ፊቱን አጨማደደ። ገና ሦስት ደንበኛ ብቻ እንዳለው ነገረኝ። ልክ ነው፤ ሦስት ደንበኛ ላለው ሰው «አልችልም» ማለት ከባድ ነው። እኔም በአርባ አንድ ነው የተማርኩት።

የአባቴን ነገር ላንሣ፤ እዚህ ላይ ሰው በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዳኝ እፈልጋለሁ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ሠርግ ቀረ፤ ፋሲካ በየቤቱ ሆነ፤ ሱቁ ጭር አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቼ አባቴን በስልኬ ቀረጽኳቸው። አርባ ሰከንድ ያህል ነው። ሙዚቃ የለውም፤ የመወርወሪያውና የመርገጫው ድምፅ ብቻ ነው። ለጠፍኩት። ከሥሩም «አባቴ ናቸው። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። ቪዲዮው እኔ ከለጠፍኩት ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። «የእኔም አባት እንዲህ ነበር» የሚል ጽሑፍ ከዋሽንግተንም፣ ከአርባ ምንጭም፣ ከሪያድም መጣ።

ከዚያ አበላሸሁት። ሰው እንደወደደው ሳይ ያንኑ ደጋገምኩት። አባቴ ሲሠሩ፣ አባቴ ሲደክሙ፣ አባቴ ሻይ ሲጠጡ። ላባቸውን ከቅርብ። አንድ ጠዋት ደግሞ ሣጥን ከፍቼ የተቀደደ አሮጌ ጋቢ አወጣሁና «አባዬ፣ ዛሬ ይህን ልበስልኝ፤ ለቪዲዮ ነው» አልኳቸው። ሥራቸውን አቆሙ።

«ይህን ጋቢ የተውኩት ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ተቀድዶ ነዋ።»

«እንግዲያስ። ሸማኔ ራሱ የተቀደደ ለብሶ ከታየ ማን ያዘዋል? ሥራዬን አሳይ፤ እኔን አትሽጥ።»

እውነተኛ መሆንም ትያትር ይሆናል። ስለ ራስ ማስተዋወቅ የሚያስተምሩ ሰዎች «ራስህን ሁን፤ ድክመትህን አሳይ፤ ሰው ታሪክ ይወዳል» ሲሉ እሰማለሁ። ታሪክ መውደዱን ይወዳል። ግን ድህነትን አልብሰህ የምታሳየው አባት ከሰው ገጽ ላይ ከሰረቅኸው ፎቶ የተሻለ እውነት የለውም። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ፎቶውን ስሰርቅ የሰረቅሁት ከማላውቀው ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ አጥር አበጀሁ። ልጆቼ አይታዩም። የአባቴ ጉልበት ሕመም አይነገርም። አባቴ ራሳቸው ሳይፈቅዱ አይቀረጹም፤ ከተቀረጹም መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ብሔሬን በመጠየቅ ለሚጀምር አስተያየት መልስ አልሰጥም፤ ከጋሞ መሆኔን ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ከልብስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይህ አጥር ተመልካች ያሳጣል፤ የደረሰብኝም እንደዚያ ነው። የትእዛዙ ቁጥር ግን አልቀነሰም።

ደንበኛን የማወቅ ነገርም አለ። ከእስራኤል አንዲት የቤተ እስራኤል እኅት ለሲግድ በዓል ቀሚስ አዘዘችኝ። ሲግድ ከዮም ኪፑር፣ ከአይሁድ የስርየት ቀን፣ በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውል የእነሱ ታላቅ በዓል ነው። እኔ ሆዬ ከታች እስከ ላይ መስቀል የሞላበት ጥለት መርጬ፣ «ለበዓል የሚሆን ምርጥ ሥራ» ብዬ ናሙና ላክሁላት። በጨዋ ደንብ «ወንድሜ፣ እኛ መስቀል አናደርግም» አለችኝ። ለእኔ መስቀል የጥለት ሁሉ መነሻ ስለሆነ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሊያይበት እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ሙስሊም ደንበኛም ሆነች ሌላ፣ ከልኬት በፊት የምጠይቀው የሚፈልጉትንና የማይፈልጉትን ምልክት ነው።

የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ሲታገዱ አምስት ወር ያህል ቆየ። ብዙ ሰው በሌላ መንገድ ይገባ ነበር፤ ደንበኞቼ የሆኑት እናቶች ግን አልገቡም። ያኔ ስሜ ያለው በራሴ ቤት ሳይሆን በሰው ግቢ እንደሆነ አየሁ። የሰባት መቶ ደንበኞች ስም ነበረኝ ብዬ አስብ ነበር፤ በእጄ የነበረው ግን ሥራቸው ያላለቀ የሃያ ሰዎች ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ያቆመኝ የድሮው መንገድ ነው፦ ሠርግ ላይ ቀሚሱን ያየች ሴት «የት አሠራሽው?» ብላ ትጠይቃለች። አሁን ወፍራም መዝገብ አለኝ። ልኬት፣ የክር ዓይነት፣ ስልክ ቁጥር፣ ለየትኛው በዓል እንደሆነ፤ ሁሉም በእስክሪብቶ ይጻፋል። ስልክ ይጠፋል፤ ቻናል ይዘጋል፤ መዝገቡ መደርደሪያዬ ላይ ነው።

የስም ሌባም አጋጥሞኛል። በ2016 አንዲት ወጣት መጥታ ቀሚሷን ጠየቀችኝ። በመዝገቤ ውስጥ የለችም። የከፈለችበትን ስታሳየኝ ስሜንና ፎቶዎቼን ይዞ፣ ከስሜ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የጨመረ ቻናል ነው። ቀብዷን በቴሌብር ልካ ነበር፤ የተቀባዩ ስም የእኔ አይደለም። ዕዳው የእኔ አልነበረም፤ ቢሆንም ቀሚሷን ያለ ትርፍ ሠራሁላት፤ ፖሊስ ጣቢያም አብሬአት ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ክፍያ የሚፈጸምበት የባለቤት ስም በእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ተጽፏል፤ «ከዚህ ስም ውጭ አትክፈሉ» የሚልም አለበት።

ያኔ የተረዳሁት ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው እንደ እኔ ያምታታዋል። ንግድ ፈቃድ ስታወጣ የምታስመዘግበው የንግድ ስም ነው። የንግድ ምልክት ሌላ ነው፤ እሱ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የሚመዘገበው በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥበቃው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ ሲያልቅ ይታደሳል። እኔ ፈቃዴ ላይ ስሜ ስላለ ምልክቴም የተጠበቀ ይመስለኝ ነበር። ምልክትህን ለማስመዝገብ ስምህን ሰው እስኪያውቀው ድረስ አትቆይ፤ ሌባም የሚመጣው ያኔ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የክር ዋጋ ጨመረ። ቀብድ የከፈሉ አሥራ ስድስት ሰዎች ነበሩኝ። በድሮው ዋጋ ጨረስኩላቸው፤ በአምስቱ ላይ ከሰርኩ። ለአዲሶቹ ደግሞ የሸማኔው፣ የክሩ፣ የስፌቱ፣ የእኔ ትርፍ ስንት ስንት እንደሆነ ከፋፍዬ ለጠፍኩ። ትርፌን ያዩ ሰዎች «ይህ ሁሉ ለአንተ?» አሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ሸማኔው ይህን ብቻ ነው የሚያገኘው?» ብለው ጠየቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ትክክል ነበር። የሸማኔውን ድርሻ ከፍ አደረግሁት። አራቱ ሸማኔዎች ይህን ጽሑፍ ቢያነቡ «ገና ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ አባቴ ከሁሉም ጮክ ብለው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የፈትል ነጠላ አልቆ ፎቶ ላነሣው መስኮቱ አጠገብ ዘረጋሁት። አባቴ ቡናቸውን ይዘው መጡና ጎንበስ ብለው አዩት። የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«እዚህ ጋ ሁለት ክር ዘሎኛል» አሉ፤ ጥለቱ ጠርዝ ላይ እየጠቆሙ። እኔ አልታየኝም። ቢያሳዩኝም ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ።

«ማንም አያየውም፣ አባዬ።»

«ጻፈው።»

ቦታውን በጣቴ እያመለከትኩ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አነሣሁ፤ «ጠርዙ ላይ ሁለት ክር ዘልሏል» ብዬ ከዋጋው በላይ ጻፍኩ፤ ዋጋውንም ትንሽ ቀነስኩለት። ይህን ስጽፍ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ነጠላው ገና አልተሸጠም።